ስለ ኤታኖልና ስለ ሞተር ጢስ፤ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ሹማምንት የቀረበ አሳብ

የሰው ልጅ ያለ እህል አያሌ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ሊሰነብት ይችላል፤ ያለ አየር ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቆየት አይሆንለትም። ይህ ከሆነ ዘንድ እህሉን ከነቀዝ፥ ውሃውንም ከእድፍ እንደምናስጠብቅ ሁሉ፥ ሕዝቡ የሚተነፍሰውን አየር ከክፉ ጢስ ማስጠበቅ የሹም ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። ነገር ግን ጢስ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ባንዱ ስፍራ እጅግ የጠቀመ መድኃኒት በሌላው ስፍራ ጥቂት ብቻ ይጠቅማል፤ ካለ ልኩ ሲሰጥም ይጎዳል። ስለዚህ በቤንዚን ላይ የሚቀላቀለው ኤታኖል የሞተርን ጢስ ምን ያህል እንደሚያጠራ፥ ጥቅሙም ወዴት ላይ እንደሚያበቃ፥ በተለይ ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ምን እንደሚበጅ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እወዳለሁ። ፍርዴንም ላልሰውር፤ ኤታኖል ለሞተር ጥሩ ነው፤ ለዋግ ኽምራ ግን ከመኪናው ይልቅ ማድቤቱ ይቀድማል፤ ከእህል የሚወጣ ኤታኖልም ለዚህ አገር ከቶ አይገባም።

ኤታኖል ለአገራችን ሰው ስሙ ብቻ እንግዳ ነው እንጂ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በጠላና በጠጅ ውስጥ ያለው አስካሪ ነገር፥ በገበያም በጠርሙስ የሚሸጠው የአረቄ ኀይል እርሱ ራሱ ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት ድፍድፉን በእሳት ላይ ጥዳ፥ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ፥ በቀዝቃዛ ውሃ አብርዳ ወደ ጠብታ ስትመልሰው የምትሠራው ሥራ በስኳር ፋብሪካ በታላላቅ የብረት ዕቃ ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ጋራ በጠባዩ አንድ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በአረቄ ውስጥ ገና ብዙ ውሃ አለበት፤ ከቤንዚን ጋራ የሚቀላቀለው ግን ከመቶው 99 እጅ የሚበልጠው ንጹሕ አልኮል እስኪሆን ድረስ ውሃው ሊወጣለት ይገባል። በኢትዮጵያ የሚሠራውም ከእህል ሳይሆን ከሞላሰስ ነው፤ ሞላሰስም ከሸንኮራ አገዳ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ነው።

በአገራችን የነገሩ ታሪክ እንዲህ ነው። መንግሥት በ1999 ዓ.ም. የባዮ ነዳጅ ልማት ስትራቴጂ አወጣ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘው ኤታኖል በሱሉልታ በሚገኘው የነዳጅ ዴፖ ከቤንዚን ጋራ ይቀላቀል ጀመር። በመጀመሪያ ከመቶው 5 እጅ ነበረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 እጅ ከፍ አለ። የፊንጫው ማጣሪያ በዓመት 8 ሚሊዮን ሊትር እንዲያወጣ ሆኖ የተተከለ ነበረ፤ በኋላም መተሐራ በዓመት 12 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ሊያወጣ የሚችል ማጣሪያ አቆመ። የተደባለቀው ቤንዚን በተለይ በአዲስ አበባ ይከፋፈል ነበረ። ምክንያቱም ሁለት ነበረ፤ አንደኛው በጂቡቲ በኩል ለሚገባው ነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለማዳን፥ ሁለተኛው የከተማውን አየር ለማሻሻል ነው። ነገር ግን የኤታኖሉ ምርት ከፍላጎቱ ጋራ ሊስተካከል ስላልቻለ መቀላቀሉ ሲቋረጥ ታየ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ ኤታኖሉ ለእጅ ማጽጃ ተፈለገ። ከዚህ የምንማረው ኤታኖል ጥቂትና ብዙ ፈላጊ ያለበት ሀብት መሆኑን ነው፤ ጥቂት የሆነ ነገርም ለማን ይቀድማል የሚል ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም።

ይህ አሳብ በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ አይደለም። ብራዚል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. ከሸንኮራ አገዳ ኤታኖል የማውጣትን ታላቅ ሥራ ጀምራ፥ በ2025 ዓ.ም. በቤንዚን ላይ የሚቀላቀለውን ልክ ከመቶው 30 እጅ አድርሳዋለች። በአሜሪካም አብዛኛው ቤንዚን 10 እጅ ኤታኖል ያለበት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ሞተር እንዳይንኳኳ ምን ይጨመርበት ተብሎ በተመረመረ ጊዜ አልኮል እንደሚሆን ታውቆ ነበረ፤ ነገር ግን በ1921 ዓ.ም. በአሜሪካ የተገኘው የእርሳስ መድኃኒት በዋጋው ረክሶ ስለ ተገኘ ዓለም ሁሉ ተከተለው። የዚያ እርሳስ ጢስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሆኖ ሲገኝ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 ዓ.ም. ተዉት፤ በመጨረሻ አልጄሪያ በ2021 ዓ.ም. ስትተወው ከዓለም መኪናዎች ቤንዚን ጠፋ። ርካሽ የመሰለው ነገር ስንት ዋጋ እንዳስከፈለ ከዚህ ይታያል። ኤታኖል እርሳስ ሳይጨመር ሞተርን ከመንኳኳት ስለሚያድን በዚህ በኩል ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ወደ ሞተሩ ውስጥ እንግባ። ቤንዚን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ እንፋሎት ይለወጣል። አየሩ ሲያንሰው ግን ማቃጠሉ ግማሽ ይሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ፥ ያልተቃጠለም ቤንዚን በማርሚታው ይወጣል። ኤታኖል ከክብደቱ ሲሶ የሚበልጠው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ከቤንዚን ጋራ በተቀላቀለ ጊዜ ለማቃጠል የሚያስፈልገውን አየር በከፊል ራሱ ይዞ ይገባል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት 10 እጅ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ካርቡራቶር ባለው አሮጌ ሞተር ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከአሥር አንድ እጅ እስከ ሦስት እጅ ድረስ ይቀንሳል። ስሙ ለቤንዚን የሚቀርብ፥ ቤንዘን የተባለውና የደም ነቀርሳ የሚያመጣው ነገርም ያንሳል።

ይህ ነገር ለደጋ አገር ከቆላ ይልቅ ይበልጥ ይመለከተዋል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በጠረፍ አገር ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ያንሰዋል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ቀድሞው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ይጠጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይበዛል። በአሜሪካ አገር ዴንቨር የምትባል 1,600 ሜትር ከፍታ ያላት ከተማ በክረምት ይህ መርዝ ስለ በዛባት በ1988 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኦክስጅን ያለበት ቤንዚን በክረምት ወራት እንዲሸጥ በሕግ አዘዘች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ሰቆጣና አዲስ አበባ ከዴንቨር ከ600 ሜትር በላይ ይበልጣሉ። ዳግመኛም ይህ መርዝ ሰውን የሚጎዳው በደሙ ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ በመውሰድ ነው። በደጋ የሚኖር ሰው ቀድሞውኑ የሚተነፍሰው ኦክስጅን የሳሳ ስለ ሆነ፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡርና ደም ያነሳት ሴት፥ ጉዳቱ ይብስባታል።

እስከዚህ ያለውን ብቻ ያነበበ ሰው ኤታኖል የጢስ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። እንዲህ ያለ ፍርድ የቸኮለ ፍርድ ነው፤ አራት ነገር ይጎድለዋልና።

መጀመሪያ፥ ኤታኖል አንዱን መርዝ ሲቀንስ ሌላውን ይጨምራል። አሴታልዴሃይድ የሚባል ዓይንንና ጉሮሮን የሚያቃጥል ነገር ኤታኖል በተጨመረበት ቤንዚን ጢስ ውስጥ ይበዛል። የናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውም በአንዳንዱ ሞተር ይቀንሳል፥ በአንዳንዱም ይጨምራል እንጂ ሁልጊዜ አያንስም። ጥቂት ኤታኖል የተጨመረበት ቤንዚን ደግሞ ከንጹሑ ቤንዚን ይልቅ በቀላሉ ይተንናል፤ ስለዚህ በሙቅ ቆላ ክዳኑ ካልጠበቀ መያዣ የሚወጣው ሽታ ራሱ ብክለት ነው።

ሁለተኛ፥ ጥቅሙ የሚታየው በአሮጌው ሞተር ነው። አዲሱ መኪና የጢሱን ኦክስጅን የሚለካና ቤንዚኑን የሚመጥን መሣሪያ፥ በማርሚታውም መንገድ ላይ መርዙን የሚያጠፋ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለው። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ ኤታኖል የሚጨምረው መሻሻል ጥቂት ነው። የአገራችን መኪና አብዛኛው ያረጀ ስለ ሆነ ዛሬ ይጠቅመናል፤ ነገር ግን መንግሥት በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ስለ ጣለ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚነዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ይህ ጥቅም ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ የሚሄድ ነው።

ሦስተኛ፥ ኤታኖል በናፍጣ ላይ አይቀላቀልም። ከቆቦና ከኮረም አቅጣጫ ወደ ሰቆጣ እህልና ሰው ጭኖ የሚወጣው ካሚዮንና አውቶቡስ የሚሄደው በናፍጣ ነው። በዳገቱ ላይ ጥቁር ጢስ የሚተፋው እርሱ ነው። ይህን ጢስ የሚቀንሰው የአየር ማጣሪያን ማጽዳት፥ የናፍጣ መርጫውን ማስመርመር፥ ጭነትን ከልክ አለማሳለፍ ነው። በቤንዚን የሚነዳው ባጃጁ፥ ሞተር ብስክሌቱ፥ ትንሹ የመብራት ሞተርና የመስኖ ፓምፑ ነው፤ የኤታኖልም ድርሻ በእነዚህ ላይ የተወሰነ ነው።

አራተኛ፥ አንድ ሊትር ኤታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ኀይል ይሰጣል። ስለዚህ 10 እጅ የተቀላቀለበት ቤንዚን በንጹሑ 100 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረውን መኪና ወደ 97 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደዋል። ይህ ትንሽ ጉድለት ነው፤ ሆኖም ለመሥሪያ ቤት ነዳጅ የሚመድብ ሹም ሊያውቀው ይገባል፤ አለዚያ ያልበደለ ሾፌር ነዳጅ ሰረቅህ ተብሎ ሊከሰስ ይችላል።

ከእነዚህ በላይ ለዋግ ኽምራ የሚያስፈልግ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማደያ በራቀበት አገር ቤንዚን የሚገዛው በጀሪካንና በውሃ ፕላስቲክ ነው። ኤታኖል ደግሞ ውሃን ይወዳል፤ ከአየር እንኳ እርጥበት ይስባል። 10 እጅ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ሊሸከም የሚችለው ውሃ ከ200 እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ይህ ልክ ከአንድ ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ አይበልጥም። ውሃው ከዚህ ባለፈ ጊዜ ኤታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋራ ወደ ታች ይወርዳል፤ የደጋ ሌሊት ሲበርድም ይህ ይፈጥናል። ሞተሩም ከሥር የሚስበው ያንን የማይነድ ውሃ ይሆናል። በተከዜና በጥራሪ ዳር ሽንኩርት ያለማ ገበሬ ፓምፑ በሦስተኛው ቀን ቢቆምበት አትክልቱ በአንድ ሳምንት ይጠወልጋል፤ ጥፋቱም የፓምፑ አይደለም፤ የጀሪካኑ ነው። ዳግመኛም ኤታኖል ያረጀውን የጎማ ቱቦ ያላላል፥ በነዳጅ መያዣ ውስጥ የኖረውንም ዝቃጭ ፈትቶ ወደ ካርቡራቶር ይወስዳል። ስለዚህ የተደባለቀ ቤንዚን ወደ አገሩ በሚመጣበት ጊዜ ሻጩ ሁሉ ይህ የተደባለቀ ነው ብሎ እንዲያስታውቅ፥ ጀሪካኑም ደርቆ እንዲሞላ ማዘዝ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች የኤታኖል ጢስ የምድርን ሙቀት አይጨምርም፤ አገዳው ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ካርቦን ነው የሚመልሰው ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት አለበት፤ ሙሉ ግን አይደለም። አገዳውን ለማብቀል ማዳበሪያ፥ ለማጓጓዝ ናፍጣ፥ ለማጣራትም እሳት ያስፈልጋልና። ከፋብሪካ የተረፈ ሞላሰስ ሲሆን ሒሳቡ ይቀናል፤ ስኳሩ ለምግብ ውሎ ትርፉ ለነዳጅ ይሆናልና። ደን ተመንጥሮ ወይም የእህል መሬት ተወስዶ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

የጽሑፌ ዋና ነገር ወደሚሆነው አሁን እደርሳለሁ። በአሜሪካ ከሚመረተው በቆሎ ሲሶ የሚበልጠው ለኤታኖል ይውላል። ይህን የሰማ ባለ ገንዘብ ወይም ባለ ይዞታ፥ የእኛስ ማሽላ ለምን ለዚሁ አይሆንም፤ በዋግ ቆላ ባዶ መሬት ሞልቷል ሊል ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን አሳብ የምመለከተው ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው አድርጌ ነው። ሰቆጣ የምትታወቅበት ስም ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ የዋግንና የላስታን፥ የራያንም ሕዝብ እንዴት እንደ ፈጀው በሽማግሎቻችን አእምሮ ገና አልጠፋም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በምግብ እጦት ምክንያት የሕፃናት መቀንጨር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2030 ዓ.ም. እንዲጠፋ ቃል ሲገባ፥ ያንን ቃል ኪዳን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ሰይሞታል። በዚህ ቃል ኪዳን ስም በተጠራች አገር ላይ የሰው ማሽላ ለመኪና ይጠመቅ ማለት ቃልን በአደባባይ ማፍረስ ነው።

ባዶ መሬት የሚባለውም ነገር ቢመረመር ባዶ አይደለም። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ድንጋያማ ሆኖ የሚታየው ስፍራ የፍየሉ መሰማሪያ ነው፤ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፥ ንብም የምትቀስምበት ነው። ማር፥ ዕጣንና ፍየል የአገሩ ሰው ገንዘብ የሚያገኝባቸው ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን በየስፍራው ጃትሮፋና ጉሎ ለነዳጅ እንዲተከል ብዙ ተደክሞ ነበረ፤ በወላይታም ገበሬዎች ከእህል መሬታቸው ከፍለው ለጉሎ ሰጡ። ተስፋ የተደረገው ፍሬ ግን ሳይገኝ ቀረ፤ ገበሬውም የዘራው እህል ሳይኖረው ወራቱ አለፈበት። ይህን ማስተዋል ከእኛ በፊት በሌላ ወጪ የተገዛ ትምህርት መውሰድ ነው።

እንግዲህ ከሞላሰስ የሚወጣው ጥቂት ኤታኖል ለምን ቢውል ይሻላል? እኔ ከሞተሩ በፊት ምድጃው ይቀድማል እላለሁ። ምክንያቴም ሒሳብ ነው። በሰቆጣ ዙሪያ ገጠር ባጃጅ የማያልፍበት መንደር ብዙ ነው፤ ጢስ የሌለበት ማድቤት ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው መሞቱን ገልጧል። ይህም የሚደርሰው በማገዶ፥ በኩበትና በከሰል ምድጃ አጠገብ በሚውሉ እናቶችና ታዝለው በሚያድጉ ሕፃናት ላይ ነው። ኤታኖል በሞተር ውስጥ ከአንዱ መርዝ ጥቂቱን እጅ ብቻ ይቀንሳል፤ በምድጃ ላይ ግን በእንጨት ፈንታ ሲነድ ጢሱን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል። በሶማሌ ክልል በቀብሪ በያሕ የስደተኞች ሰፈር ከፊንጫ በመጣ ኤታኖል የሚነድ ምድጃ ለቤተ ሰዎች ታድሎ ተሠርቶበታል፤ ስለዚህ ነገሩ በአገራችን ያልተሞከረ አይደለም። አንድ ቤት በቀን አንድ ሊትር ቢያነድ ፊንጫ በመጀመሪያ የተተከለለት 8 ሚሊዮን ሊትር ለ22 ሺህ ያህል ቤት ለዓመት ይበቃል። በቤንዚን ላይ ቢፈስስ ግን 80 ሚሊዮን ሊትር ቤንዚን አቅጥኖ ያልቃል፤ የሚያተርፈውም ከየማርሚታው ትንሽ ትንሽ መርዝ ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሊያነሡት የሚችሉትን አልሸሽግም። አንደኛ፥ ኤታኖል በቤንዚን ላይ ሲፈስስ የውጭ ምንዛሪ ያድናል፥ በምድጃ ላይ ግን አያድንም ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ አንድ ጉንጭ ጢስ የታመመችውን እናት ማሳከም፥ ለማገዶ ተቈርጦ የተሸረሸረውንም ተራራ መልሶ በእርከን መሥራት ወጪ መሆኑ መታሰብ አለበት። ሁለተኛ፥ የኤታኖል ምድጃ እንጀራ አይጋግርም ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ለወጥና ለቡና ነው የሚመቸው፤ ምጣዱ ግን ከሁሉ ይልቅ እንጨት የሚበላ ነው። ለምጣዱ ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ ምድጃ አለ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። ሦስተኛ፥ ኤሌክትሪክ ሳለ ኤታኖል ለምን ይላሉ። የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት ሊያወጣ የሚችል ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ውሃውም እስከ ዋግ ኽምራ ወረዳዎች ድረስ ተኝቷል፤ የዓባይ ታላቁ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እኔም መጨረሻው መድኃኒት ኤሌክትሪክ መሆኑን አምናለሁ። ነገር ግን የገጠሩ ቤት አብዛኛው ሽቦ ገና አልደረሰበትም፤ ሽቦው እስኪደርስ ድረስ የምታበስለው እናት መተንፈስን አታቆምም። አራተኛ፥ ከፊንጫ እስከ ሰቆጣ መንገዱ ሩቅ ነው ይላሉ፤ ይህ ከሁሉ የጠነከረ ተቃውሞ ነው። ስለዚህ በአዊ ዞን በጃዊ ካለው ከጣና በለስ የስኳር ሥራ ሞላሰስ ለክልላችን ኤታኖል የሚወጣበት መንገድ ቢታሰብ ይገባል እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለክቡራን አስተዳዳሪዎችና የወረዳ ሹማምንት፥ ለመሬት ባለ ይዞታዎችም የማቀርበው ምክር እነሆ።

አንደኛ፥ የተደባለቀ ቤንዚን ወደ ሰቆጣ ሲመጣ በደስታ ተቀበሉት፤ ለአሮጌው ባጃጅና ለሞተር ብስክሌቱ ጢስ ይበጃልና። ሆኖም የመሥሪያ ቤቶች ሞተሮች ካርቡራቶር ለደጋ አየር እንዲስተካከል አስቀድማችሁ አስደርጉ፤ በጠረፍ ልክ የተሠራ ካርቡራቶር ሳይስተካከል ኤታኖል ብቻ መጨመር ቀዳዳውን ሳይደፍኑ በእንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ሁለተኛ፥ በየማደያውና በየገበያው ስለ ጀሪካን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በአማርኛና በኽምጣኛ ይነገር፤ ለፓምፕ ባለቤቶችም የግብርና ሠራተኞች በአፍ ያስረዱ። ቤንዚን የያዘ ዕቃ በምድጃ አጠገብ እንዳይቀመጥም አብሮ ይነገር።

ሦስተኛ፥ የናፍጣ መኪና ጢስ የኤታኖል ጉዳይ ስላልሆነ በየዓመቱ በሚደረገው የመኪና ምርመራ ላይ ማጣሪያና የናፍጣ መርጫ ሳይታይ ወረቀት እንዳይሰጥ ቁሙ።

አራተኛ፥ ማሽላ፥ ገብስ፥ ጤፍ፥ ወይም የእህል መሬት ለነዳጅ ሥራ ይሰጠኝ የሚል ማንም ቢመጣ፥ ወረቀቱ ምንም ቢያምር፥ በዚያ መሬት ላይ ስንት ፍየል እንደሚሰማራ፥ ስንት ቀፎ እንደ ተሰቀለ፥ ስንት ቤትም እንደሚኖርበት በሽማግሎች ፊት ሳይቈጠር አትፈርሙ።

አምስተኛ፥ ኤታኖል ለምድጃ እንዲታደል ሲጠየቅ የዋግ ኽምራ ስም ከፊት እንዲጻፍ ለክልሉና ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ አመልክቱ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ምርጥ ምድጃን በየቀበሌው የሚሠሩ ሴቶችን አሠልጥኑ። ይህ ሥራ ሲሚንቶ፥ አሸዋና ቅርጽ ማውጫ ብቻ የሚፈልግ ስለ ሆነ የማንንም ፋብሪካ አያስጠብቅም።

የአንድ ሹም መልካም አገዛዝ የሚታወቀው በከተማው አደባባይ በሚያልፈው አውቶሞቢል ብዛት ብቻ አይደለም፤ በገጠር ማድቤት ውስጥ ባለው አየርም ነው። ሞተሩ ጢሱን በማርሚታ ወደ ውጭ ይተፋዋል፤ ነፋስም ይበትነዋል። የማድቤቱ ጢስ ግን መውጫ ስለሌለው በእናቲቱና በሕፃኑ ደረት ውስጥ ይቀመጣል። ያለን ኤታኖል ጥቂት ከሆነ ዘንድ፥ ጢሱ ይበልጥ ለበዛበት ስፍራ ቅድሚያ መስጠት ትክክለኛ ፍርድ ነው።